ነፋስ የሚገባበት ቤት

ጅቡቲ ውስጥ አንድ ቤት ሊሸጥ መሆኑን ከባለቤቱ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ወልደየሱስ ነበር። ባለቤቱ ገና ከሚስቱ ጋር ሳይመክር፣ ደላሎቹ በገበያው ጥላ ሥር ተቀምጠው ስሙን ሳያነሡት፣ ወልደየሱስ በዚያ ቤት ፊት ለፊት ቀስ ብሎ ሲመላለስ ይታያል። ጠንቋይ ነው የሚሉት አልጠፉም። እሱ ግን ከዓይኑና ከትዕግሥቱ በቀር ሌላ ነገር አልነበረውም።

ከቡልጋ የወጣው፣ ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ሳይደርስ፣ ሐዲድ ለማንጠፍ ነበር። ያን ጊዜ ጢሙ አላቀመቀመም። ሥራው አልቆ ጓደኞቹ ወደየአገራቸው ሲመለሱ እሱ እዚያው ቀረና፣ ከባሕር የሚወጣውን ነጭ ድንጋይ እየጠረቡ ቤት የሚሠሩትን የየመን ግንበኞች ተጠግቶ ግንበኝነት ተማረ። የሰው ግድግዳ እየጠገነ በየቤቱ ሲገባ ሲወጣ፣ ቤትም እንደ ሰው ፊት እንዳለው ቀስ በቀስ እየታየው ሄደ። በዚያ ከተማ የሙቀቱ ወራት ሲያልፍ ሰው ሁሉ ቤቱን ኖራ ይቀባል። አንድ ዓመት ሳይቀባ የቀረ ሰው ምናልባት እጅ አጥሮት ይሆናል፤ ደጋግሞ የተወ ግን ልቡ ከቤቱ ወጥቷል። ለዓመታት ሲጥ ሲጥ ስትል የኖረች በር አንድ ቀን ድንገት ተጠግና ከተገኘች፣ ባለቤቷ ለሌላ ሰው ዓይን እያሰማመራት ነው። ከህንዱ ሱቅ ባዶ ሣጥን የሚለቅም ሰው፣ ፍየሎቹን ከነግልገሎቻቸው ለጎረቤት የሚያስረክብ ሰው፣ ጣቢያ ሄዶ ቁም ሣጥን በባቡር ይጫን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው፣ እነዚህ ሁሉ ለወልደየሱስ ሳይናገሩ ይናገሩ ነበር።

ለቅሶ ቤትም ይሄዳል። በዚህ ያሙታል። ሆኖም ለቅሶ ቤት ሲሄድ ከልቡ ያለቅስ ነበር፤ ሆዱ ቡቡ ነው። እንባውን ጠርጎ ቀና ሲል ግን ዓይኑ ወደ ጣራው ይሄድበታል። ይህን ነገሩን እሱም አይወደውም ነበር።

ቤት እየገዛ ማከራየት የጀመረ ሰሞን ታምሩ የሚባል የጣቢያ ዘበኛ ሚስቱ ሞታበት አገሩ ሊገባ እንደሚያስብ ገምቶ፣ መንገድ ላይ አስቁሞ «ቤትህን ትሸጥልኛለህ?» አለው። ታምሩ ዱላውን አነሣ። ልትገድለኝ ነው ወይስ ሞቼ ቀብረኸኛል፣ ብሎ ጮኸበት፤ ሰው ገብቶ ባያገላግል ኖሮ ይፈነክተው ነበር። ወልደየሱስ ያን ቀን ማታ ሲያስበው ታምሩ ልክ ነበር። በሕይወት ያለን ሰው ቤትህን ስጠኝ ማለት ምን ማለት ነው? ከዚያ በኋላ ቤትን እንደ ልጃገረድ በሽማግሌ ማስጠየቅ ጀመረ።

ሁለት ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው ይሄዳሉ። ግቡ ሲባሉ ይገባሉ፣ ተቀመጡ እስኪባሉ ይቆማሉ። በመጀመሪያው ቀን የመጡበትን ጉዳይ ትንፍሽ አይሉም፤ የላካቸውን ሰው ጨዋነት አውርተው፣ ለሌላ ቀን ቀጠሮ ተቀብለው ይመለሳሉ። የቤቱ ነገር የሚነሣው በሁለተኛው ቀን ነው። እንዲህ ሲሆን ባለቤቱ ቤቱን ሸጠ አይባልም፤ ተለምኖ ሰጠ ነው የሚባለው። ችግሩ ገበያ አይወጣም፣ ክብሩም አይነካም። ስለዚህ ሐበሻው ሁሉ ለደላላ የማያሳየውን ቤት ለወልደየሱስ ይሰጠው ነበር፤ ያ ታምሩም ሳይቀር በዓመቱ ሽማግሌ ሲላክበት ደስ ብሎት ሰጠ። ዐረቦቹንና ሶማሌዎቹን ግን በየራሳቸው ሰው በኩል ነበር የሚያነጋግራቸው።

ሌላው ልማዱ ዝምታ ነው። ቤቱ እጁ እስኪገባ ድረስ ለሚስቱም አይናገርም። ቀድሞ ይነግራት ነበር፤ አንድ ጊዜ ግን ፋናዬ ደስ ብሏት ለጎረቤት አጫውታ፣ በማግሥቱ ደላላ ቀደመው። እሷው ራሷ ናት ከእንግዲህ አትንገረኝ፣ አፌ ወንፊት ነው ያለችው።

ፋናዬ የሐረር ልጅ ነች። ቀጭን፣ ተጫዋች፣ ለፈረንሳዮቹ ቤቶች አጎበርና መጋረጃ እየሰፋች የምትውል ሴት። ልጅ አልወለዱም፤ በዚህም አንዱ ሌላውን ወቅሶ አያውቅም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ሐምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ከበረሃው አሸዋ ተሸክሞ በመጣ ቁጥር ትንፋሿ ያጥር ጀመር። ደረቷ እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጫል፤ ተቀምጣ ታነጋለች፤ በሷ ቤት እሱን ላለመቀስቀስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትስላለች። እሱም ነቅቶ፣ እንዳልነቃ ሆኖ ያዳምጣታል።

ሐኪሙ አይቷት ሲያበቃ ለወልደየሱስ ለብቻው ነገረው። ይህች ሴት የሚመጣውን ሙቀት በዚያች ዝቅተኛ ቤት ውስጥ አትወጣውም። ወይ ወደ ደጋ ትሂድ፣ ወይ ቀንም ሌሊትም የባሕር ነፋስ የማይለየው ፎቅ ላይ ትኑር። ሐረር ያለችው እህቷ ኤሌኒ ይህን ስትሰማ ቶሎ ላካት ብላ ሰው ላከችበት። ፋናዬ ግን መሄዱን አልወደደችውም።

«ከሄድኩ አልመለስም» አለችው አንድ ቀን፣ ከመጋረጃው ጫፍ ክር እየሳበች። «ሰው ለጤናው ብሎም ቢለያይ መለያየቱን ይለምደዋል። እኔ እሱን መልመድ አልፈልግም።»

አብሯት እንዳይሄድ ኑሮው በሙሉ ግድግዳ ሆኖ ቆሟል፤ ግድግዳ ደግሞ ባቡር ላይ አይጫንም። በጥድፊያ ልሽጥ ቢል፣ እሱ ሌሎቹን እንደሚያነባቸው ሌሎቹም እሱን አንብበው ዋጋውን ይሰብሩበታል። ከገዛቸው ቤቶች በአንዱ እንዳያኖራት ሁሉም ሰው የተዋቸው ቤቶች ናቸው፤ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር እርስ በርስ የተጣበቁ፣ ነፋስ በጎናቸው የሚያልፍ እንጂ የማይገባባቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ቤት ሲገዛ ግድግዳውን፣ ጣራውን፣ መሠረቱን ያይ ነበር። ነፋሱን አስቦት አያውቅም። ነፋስ የሚገባበት ቤት ደግሞ አይሸጥም፤ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከሹም ወደ ሹም ይተላለፋል እንጂ። ሙቀቱ ሳይገባ ካላገኘ ፋናዬን ባቡር ላይ ማሳፈሩ ነው።

እናም ወልደየሱስ ነፋስ ፍለጋ ወጣ። በቀትር፣ ሰው ሁሉ በር ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት፣ በየመንገዱ እየዞረ በየሰገነቱ የተሰጣውን ልብስ ሽቅብ ያያል። ልብሱ እንደ ሞተ ዓሣ የተንጠለጠለበትን ቤት ያልፈዋል። ሲያዩት ሙቀት ያዞረው ይመስል ነበር። አንድ ቀን ከባሕሩ ዳር፣ ሳንቡክ የሚባሉት ባለ ሸራ ጀልባዎች ከሚጠገኑበት ከፍ ብሎ፣ በከተማው ውስጥ አንዲት ቅጠል በማትነቃነቅበት ሰዓት አንድ ጥቁር ሻሽ በሰገነት ላይ ሲውለበለብ አየ። ዝም ብሎ ቆመ። ሻሹ ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ይነሣል። እንደሚተነፍስ ሰው።

ቤቱ የዙለይካ ነበር። ዙለይካ ለጀልባ ሠራተኞች ዳቦ እየጋገረች የምትኖር የየመን ሴት ስትሆን፣ ባሏ ሳሌም የራሱ ሳንቡክ አዛዥ፣ እነሱ እንደሚሉት ናኹዳ ነበር። ወደ የመኑ ሆዴዳ ወደብ ተምር ሊጭን ወጥቶ ከቀረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሞተ የሚል አልመጣም፤ አለ የሚልም አልመጣም። ላይኛው ፎቅ መስኮቶቹ እንደተዘጉ ናቸው። በባሕሩ በኩል ያለው ግድግዳ ከሰውዬው መሄድ ወዲህ ኖራ አልነካውም፤ ጨው በልቶት እንደ ቅርፊት ይላጣል። ወልደየሱስ ይህን ሲያይ፣ የዚህች ሴት ልብ ከቤቱ ወጥቷል፣ የቀራት እግሯን ማንሣት ብቻ ነው ብሎ አሰበ።

አሁን ችግሩ እንዴት ያነጋግራት የሚለው ሆነ። ብቻዋን ከምትኖር ሴት ቤት ብቻውን ዘው ማለት ነውር ነው። የሚያውቀውን ዐረብ ቢልክ ደግሞ ነገሩ ሳይመሽ ገበያ ይወጣል፤ እንዲህ ያለውን ቤት ከሰሙ እሱ የማይደርስባቸው ነጋዴዎች ይረባረቡበታል። ስለዚህ አስቦ አስቦ ከሁሉ የሚያከብራት መንገድ ይሄ ነው ያለውን አደረገ። የራሱን ሽማግሌዎች ላከባት።

አቶ ኃይለማርያም ንግግር የሚወዱ፣ ነጭ ጢማቸው ደረታቸው የደረሰ ሰው ነበሩ። ሽብሩ የሚባለው ጓደኛቸው ፈረንሳይ ቤት የሚያበስል ወጥ ቤት ነው፤ ዐረብኛ ስለሚያውቅ ያስተረጉማል። ባዶ እጃችንን ዐረብ ቤት አንገባም ብለው በሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለ ሾጣጣ ስኳር ያዙ። መንደሩ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሲያያቸው፣ ሁለት ሰዎች ነጭ ለብሰው፣ ስኳር ተሸክመው፣ ባል ከሌለባት ሴት በር ላይ ቆሙ።

ዙለይካ አስገባቻቸው፣ ሻይ ቀዳችላቸው። አቶ ኃይለማርያም እንደ ወጉ ጉዳዩን ሳይነኩ ስለ ላካቸው ሰው ተናገሩ። ሠርቶ አዳሪ ነው፤ አይሰክርም፤ አንድ ጊዜ የያዘውን አይለቅም፤ እጁ የነካው ነገር ሁሉ ይጸናል። ሽብሩ እየተከተለ ተረጎመ። ሴትዮዋ እጇን አጣምራ ሰማቻቸውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። ሚስት የለውም ወይ?

ሽብሩ ለሁለተኛው ቀን አንጀቷን ላራራ ብሎ፣ «አለችው፤ ግን ታማለች፤ ሙቀቱ ሳይገባ ከእጁ ልታመልጥ ነው» አላት።

ዙለይካ ብድግ አለች። ሐሙስ ተመለሱ ብላ ሸኘቻቸው። ሽማግሌዎቹ ነገሩ በጎ ጀመረ ብለው ለወልደየሱስ የምሥራች ነገሩት። ስኳሩን ተቀብላለች፣ ቀጠሮም ሰጥታለች፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

በማግሥቱ ፋናዬ ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ወልደየሱስ ደጃፍ ላይ መዶሻ እጀታ እያስገባ ነበር።

«ሰርጉ መቼ ነው?» አለችው።

«የማን ሰርግ?»

«ያንተ ነዋ። ጎረቤታችን ውብነሽ መንገድ ላይ አግኝታኝ እንኳን ደስ ያለሽ ብላኝ መጣሁ። የናኹዳውን ሚስት በስኳር አስጠይቀህ ሐሙስ እሺ ልትልህ ነው። እኔን ሐረር ልከህ፣ አልጋው ሳይቀዘቅዝ።»

እየሳቀች ነበር የጀመረችው። መጨረሻው ላይ ግን ድምፅዋ ተሰበረና ፊቷን አዞረች። ወልደየሱስ መጀመሪያ ምንም አልገባውም፤ ከዚያ ነጩ ልብስ፣ ስኳሩ፣ የሽብሩ «ታማለች» ማለት አንድ በአንድ ከፊቱ ሲደረደሩ ነገሩ ገባው። አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ስለ ሐኪሙ ቃል፣ ስለ ቀትሩ ዙረት፣ ስለ ሻሹ ሁሉንም ነገራት። ቤት ነው የጠየቅሁት፣ አላት። ነፋስ ነው።

ፋናዬ እስክታስል ድረስ ሳቀች። ስታበቃ ጭንቅላቱን ደባበሰችው። ከዚያ፣ «ያች ሴትስ?» አለች።

«ምን ሆነች?»

«አንተ የምትለው ስለ ቤቱ ነው። እሷ ባሏን ትጠብቃለች። ትናንት ሁለት ሽማግሌዎች ቤቷ ገብተው ባልሽ ሞቷል፣ ሌላ አግቢ አሏት። የሰማችው ይሄንን ነው። ሌሊቱን እንዴት አደረች ይሆን?»

ወልደየሱስ ይህን አላሰበውም ነበር። ቤት ማንበብ የሚያውቅ ሰው ይህን አለማሰቡ ራሱን አሳፈረው። ፋናዬ ነጠላዋን አስተካከለችና ተነሣች። ሐሙስን አልጠብቅም፣ አሁን ውሰደኝ አለችው።

መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ለሷ ግን ሩቅ ነበር። በየጥላው እያረፈች ደረሱ። ዙለይካ እጆቿ እስከ ክርናቸው ዱቄት ለብሰው ከምድጃው ዘንድ መጣች። አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየች። ጠይም፣ ደልደል ያለች፣ ቅንድቧ የተጋጠመ ሴት ነች።

«ጣውንቴን ልታሳየኝ ይዘሃት መጣህ?» አለች በዐረብኛ።

ፋናዬ የገበያ ዐረብኛዋ ይበቃታል። «ጣውንትነቱንስ በወደድኩት እህቴ። ይህን ሰው ብቻዬን መቻል ደክሞኛል» አለቻት።

የዙለይካ ከንፈር ሊፈግግ ብሎ ተመለሰ። በዚህ መሀል የምድጃው ጢስ ፋናዬን ነካትና ሳሉ ያዛት። ግድግዳውን ተደግፋ አጎነበሰች። ዙለይካ ዱቄቱን በልብሷ ጠርጋ ደገፈቻት፤ ወደ ውስጥ አግብታ ከደረጃው ሥር ምንጣፍ ላይ አስቀመጠቻት። ሊከተላቸው የነበረውን ወልደየሱስን አንተ እዚያው ቁም አለችው። እሱም ደፉ ላይ ቆመ።

ፋናዬ ትንፋሿ ሲመለስ ሁሉንም ተናገረች። ስለ ሽማግሌዎቹ ልማድ፣ በመጀመሪያው ቀን ጉዳይ እንደማይነገር፣ ባሏ ቤት እንጂ ሚስት እንዳልጠየቀ። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት አለች። ዙለይካ ከመደርደሪያው ላይ ወረቀቱ ያልተፈታውን ስኳር አወረደች፤ በመጥረቢያ ጀርባ ሰብራ ከሻይ ጋር ለፋናዬ አቀረበችላትና ወደ በሩ ዞረች።

«ቤቴ የሚሸጥ መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም» አለ ወልደየሱስ። «በባሕሩ በኩል ያለውን ግድግዳ አይቼ ነው። ናኹዳው ከሄዱ ወዲህ ኖራ አልቀቡትም። ልብዎ ከቤቱ የወጣ መስሎኝ።»

ዙለይካ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

«እሱን ግድግዳ የሚቀባው ሳሌም ነው» አለች። «ከባሕር ሲመለስ ቤቱን ከሩቅ የሚያየው በዚያ በኩል ስለሆነ፣ ሌላ እጅ እንዳይነካው ይል ነበር። ግንበኛ ስጠራም ሌላውን ሁሉ አስቀብቼ ያንን እተወዋለሁ። እሱን ከቀባሁት አይመጣም ማለቴ ነው። ገባህ? ከመንገድ ላይ ቆመህ ግን ይሄን ከየት ታውቃለህ?»

ወልደየሱስ አንገቱን ደፋ። ስንት ግድግዳ እንዲህ ከመንገድ ላይ ሆኖ አንብቧል? ከነዚያ ውስጥ ስንቱን ተሳስቶ አንብቦ፣ ባለቤቱ ዝም ብሎ ሰጥቶት ይሆን?  «አላወቅሁም፤ ይቅር ይበሉኝ» ብቻ አለ።

ፋናዬ ምንጣፉን ተደግፋ ተነሣች። «እንሂድ» አለችው በአማርኛ። «ባለቤት ያለው ቤት ነው።» ዙለይካንም ጉንጯን ስማ፣ ባልሽን እግዚአብሔር ያምጣልሽ ብላ መረቀቻት። የመጣችው ለይቅርታ ነበርና ስለ ነፋሱ አንዲት ቃል አላነሣችም። ሦስት እርምጃ ያህል ሄዳ ደፉ ዘንድ ስትደርስ ግን ደረቷ እንደገና አፏጨ፤ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ወልደየሱስ ክንዷን ያዘ። መንገዱ በፊታቸው ነጭ ሆኖ ይነዳል።

ከኋላቸው የቁልፍ ድምፅ ተሰማ።

«አንቺ፣ ነይ» አለች ዙለይካ። «ላይ ወጥተሽ ትንሽ አረፍ በዪና ፀሐዩ ሲበርድ ትሄጃለሽ። እሱ እዚያው ይቁም።»

ሁለቱ ሴቶች ተደጋግፈው ወጡ። ወልደየሱስ ደፉን አልፎ፣ ከደረጃው ሥር ቆሞ ይሰማል። ቁልፉ አልዞር አለ፣ ዙለይካ በአገሯ ቋንቋ ሰደበችው፣ ዞረ። ከዚያ መስኮት ተከፈተ። ሌላ መስኮት ተከፈተ። የሦስት ዓመት አቧራ በደረጃው ወርዶ ፊቱ ላይ ተበተነና፣ ከሱ ኋላ የባሕር ሽታ ያለው ቀዝቃዛ ነገር መጥቶ የሸሚዙን ኮሌታ አነሣው። ጆሮውን አቀና። የሚሰማው የነበረው ያ የደረቷ ፉጨት ጥቂት ቀጠለ፤ ላላ፤ ጠፋ። በቤቱ ውስጥ ምንም ድምፅ አልነበረም። ፈራ። ሊሮጥ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አደረገ።

«ወልዴ» አለች ፋናዬ ከላይ። «ና፣ እስቲ አንተም ተንፍስ።»

ቀና ብሎ ሲያይ ዙለይካ በደረጃው አናት ላይ ቆማለች። ትንሽ አመነታችና ገለል አለችለት።

የናኹዳው ክፍል እንደ ተወው ነበር። ጥቅልል ሸራ ጥግ ይዟል፤ አንድ የእንጨት ሣጥን አለ፤ ችንካር ላይ ኮት ተሰቅሏል። ፋናዬ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ፀጉሯ ከነጠላዋ ወጥቶ በነፋሱ ይንቀሳቀሳል። ወልደየሱስ በዕድሜው ከገባባቸው ቤቶች ሁሉ ጣራውን ያላየው የዚያን ቤት ብቻ ነበር።

ዙለይካ ነገሯን አጭር አደረገችው። ቤቷን አትሸጥም፤ ደግሞ ሽማግሌ ቢልክባት ውሃ ትደፋባቸዋለች። ነገር ግን ሙቀቱ እስኪያልፍ፣ ቢያስፈልግም ከዚያ ወዲያ፣ ይህች ሴት እዚህ ትኑር። ሳሌም የመጣ ቀን ሣጥኑን ከፍቶ ልብሱን ሲቀይር ይወርዳሉ። ኮቱን ማንም አይነካውም። ወልደየሱስ ልማድ ሆኖበት ስለ ኪራዩ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት እጇን አነሣችበት።

«እሱን ከሷ ጋር እንነጋገራለን። አንተ ስለ ቤት ስታወራ ደስ አይለኝም።»

ፋናዬ ዓይኗን ሳትገልጥ ሳቀች።

በዚያው ሳምንት ገቡ። ሐምሲን በጊዜው መጣ፤ ከተማውን በአሸዋ ሸፈነው። ፋናዬ ክፉ ቀን አላጣችም፤ ነፋሱም አንዳንድ ቀን እምቢ ይላል። ዙለይካ እንዲህ ባለው ቀን እርጥብ ሸራ በመስኮቱ ላይ ትዘረጋላታለች፤ ሁለቱ ሸራው ወፈረ ሳሳ እያሉ ሲከራከሩ እስከ መንገድ ይሰማል። ፋናዬ መጋረጃዋን እየሰፋች ወሬ ታወራላታለች፣ ዙለይካም ዳቦዋን ለመርከበኞች ስታስረክብ ከየወደቡ የመጡትን ስለ ሳሌም ትጠይቃለች። መልስ ሳታገኝ ስትመለስ ፋናዬ ምንም አትላትም፤ ሻይ ትቀዳላታለች። ወልደየሱስ የባሕሩን ግድግዳ በነፃ ልቀባልሽ ብሎ አንድ ጊዜ ጠይቆ ነበር። እምቢ አለችው። ግድግዳው እንደተላጠ ቀረ፤ አንዳንድ ጊዜ ሌሎች ቤት ፈላጊዎች ከመንገዱ ማዶ ቆመው ሲያዩት፣ ወልደየሱስ ወጥቶ ይህ ቤት ባለቤት አለው ይላቸዋል።

ሥራውን አልተወም፤ ከየት ይበላል። ዓይኑም እንደ ቀድሞው ያያል። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ግን አሁን እሱ ራሱ ይሄዳል፤ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ስለ ሌላ ስለ ሌላው ይጫወታል፤ በሩ ለምን እንደተጠገነ፣ ፍየሎቹ ለምን እንደተሰጡ ሰውዬው በራሱ አፍ እስኪነግረው ይጠብቃል። አንዳንዱ ሲነግረው ቤቱ ሊሸጥ እንዳልሆነ ይታወቃል። ያን ጊዜ ወልደየሱስ ትንሽ ግድግዳ ጠግኖለት ይመለሳል። የሚያገኛቸው ቤቶች ቁጥር ቀነሰ። ደላሎቹ አረጀ አሉት።

በዚያው በሙቀቱ ወራት አንድ ቀን፣ በቀትር፣ ሽብሩ እየሮጠ መጣ። ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል። ወልደየሱስ ከደረጃው ሥር ተቀምጦ አገኘው። ሽብሩ የሚሠራበት ቤት ማዕድ ላይ ሲወራ ሰምቷል፤ ከገበያው ጀርባ ያለው የግሪኩ ቤት፣ ያ ሁለት በር ያለው፣ ማንም ሳይሰማ ሊለቀቅ ነው፤ አሁኑኑ ቢነሡ ከሁሉ ይቀድማሉ። ወልደየሱስ ይህን ቤት ለዓመታት ሲመኘው ነበር፤ ሽብሩም ያውቃል። ስለዚህ ሳይነሣ ሲቀርበት ያልሰማው መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመለት።

ወልደየሱስ እጁን ዘርግቶ አፉን ያዘው። ከላይ፣ በተከፈተው በር በኩል፣ ቀስ ያለ፣ ያልተቆራረጠ የእንቅልፍ ትንፋሽ ይሰማ ነበር።

«ቀስ በል» አለው በሹክሹክታ። «ተኝታለች።»